ኦንላይን አዝዞ ከሱቅ መረከብ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በቴሌግራም መርጦ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ከፍሎ፣ ዕቃውን ቦሌ መድኃኔዓለም ወይም ፒያሳ ካለ ሱቅ መረከብ ዛሬ የብዙ ሰው የግዢ መንገድ ሆኗል። ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት ከክፍያው በፊት ምን ተጻፈ፣ ከሱቁ ከመውጣት በፊት ምን ታየ በሚሉት ላይ ነው።

ቻናሉ ላይ ስልኩ 18,500 ብር ይላል። ሱቁ ስደርስ 21,000 አሉኝ። በለጠፉት ዋጋ እንዲሸጡልኝ ማስገደድ እችላለሁ? (ከአራት ኪሎ)

ያዩት ለሁሉም የተለጠፈውን ዋጋ ብቻ ከሆነ ማስገደድ ይከብዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1687 የዋጋ ዝርዝር መለጠፍን ወይም ዕቃ ለሽያጭ ማሳየትን ለውል እንደቀረበ ሐሳብ አይቆጥረውም። ሻጩ ለእርስዎ በውስጥ መስመር «አለ፤ 18,500 ነው፤ እስከ ቅዳሜ እናስቀምጥልዎታለን» ብሎ ከመለሰ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአንቀጽ 1690 መሠረት ቀን ቆርጦ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ቀኑ እስኪያልፍ በቃሉ ይታሰራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ «ተስማምቻለሁ» ብለው ከላኩ ውሉ ተፈጽሟል። ከዚያ በኋላ ዶላር ጨመረ ማለት ለሻጩ ዋጋውን ብቻውን የመቀየር መብት አይሰጠውም።

ስለዚህ ታክሲ ከመያዝዎ በፊት ሞዴሉን፣ ቀለሙን፣ ሜሞሪውን፣ ዋጋውን ከነቫቱ፣ የሚያስቀምጡበትን ቀንና ሰዓት በአንድ መልእክት ጽፈው «አዎ» የሚል መልስ ያግኙ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ያደርጋል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ቴሌግራም ላይ ሻጩ የጻፈውን ከእርስዎም ስልክ ጭምር ማጥፋት ይችላል። የተጠቃሚ ስሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት ያንሱ፤ ይህን ደግሞ ጠብ ከመጣ በኋላ ሳይሆን እዚያው በተስማሙበት ሰዓት ያድርጉት። የሌለ ርካሽ ዋጋ ለጥፎ ሰው እየጠራ ሱቅ ውስጥ ሌላ ዋጋ የሚናገር ነጋዴ ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያ በማውጣት ለንግድ ጽሕፈት ቤት ሊከሰስ ይገባዋል።

ለሶፋ 5,000 ብር ቀብድ ልኬ ነበር። ልረከብ ስሄድ «ለሌላ ሰው ሸጥነው፤ ብርዎን እንመልሳለን» አሉኝ። በቃ ይኸው ነው? (ከሜክሲኮ)

አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፤ የተለየ ስምምነት ከሌላችሁ የሚገባዎት 10,000 ብር ነው። ሕጉ በእርስዎም ላይ ይሠራል፤ ሐሳብዎን ቀይረው ሶፋውን ቢተዉ 5,000ውን ያጣሉ።

ክርክር የሚነሳው ገንዘቡ ምን ነበር በሚለው ላይ ነው። ሻጩ «ቀብድ ሳይሆን የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ ነው» ካለ፣ እጥፍ መጠየቅ ይከብዳል። ስለዚህ ሲያስተላልፉ በምክንያት መጻፊያው ላይ «የሶፋ ቀብድ» ብለው ይጻፉ፤ ሻጩም «ቀብዱ ደርሷል» ብሎ በጽሑፍ ይመልስ። የባንኩን ወይም የቴሌብሩን (የ127ን) መልእክት ከነግብይት ቁጥሩ አያጥፉ። ሂሳቡ በሱቁ ስም ካልሆነ የማን እንደሆነና ከሱቁ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አስቀድመው በጽሑፍ ያስመልሱ፤ «የላኩት ለሠራተኛችን በግሉ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» የሚለው መልስ ብዙ ሰው አስለቅሷል።

ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ጁስ መፍጫው በሦስተኛው ቀን ቆመ። (ከካዛንቺስ)

ያ ጽሑፍ ጉድለት ላለበት ዕቃ አይሠራም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያገኘ ሸማች ዕቃው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ፣ እንዲለወጥለት ወይም የከፈለው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። የተሻለ ዋስትና ካለዎት እሱም እንደተጠበቀ ነው።

ኦንላይን ከፍለው ዘግይተው የሚረከቡ ሰዎች ጊዜያቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ጥር 1 ከፍለው ጥር 12 ከተረከቡ፣ ሻጩ ከከፈሉበት ቀን ቆጥሮ «አራት ቀን ነው የቀረዎት» ሊል ይችላል። በተቻለ መጠን ቶሎ ይረከቡ፤ የተረከቡበትንም ቀን በመልእክት ያስፍሩ። ጉድለቱን ባዩ ዕለትም ፎቶና ቪዲዮ አድርገው ይላኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢ ዕቃውን በቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ስለሚያዝ ዝምታ ይጎዳዎታል። ሰፈር ላለ ጠጋኝ አስከፍተው ከሆነ ግን ሻጩ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ለማለት በር አገኘ፤ አያስከፍቱት።

ጫማው ጠበበኝ፣ ቀለሙ አላማረኝም የሚሉ ጥያቄዎችም መጥተዋል። 15ቱ ቀን የተሰጠው ለጉድለት ነው። 42 አዝዘው 41 ከሰጡዎት ያዘዙትን አልሰጡዎትምና መብትዎ ጠንካራ ነው። 42ቱ ራሱ ጠቦዎት ከሆነ ግን «ካልሆነኝ ትለውጡልኛላችሁ?» ብለው ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ መስማማት ይሻላል።

ስረከብ ምን ምን ልመልከት? (ከስታዲየም)

ስልክ ከሆነ ከሱቁ ሳይወጡ *#06# ይደውሉ። የሚመጣው ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ሁለት ሲም የሚወስድ ከሆነ ሁለት ቁጥር ይመጣል። ሲም አስገብተው ይደውሉ፣ ቻርጅ ላይ ይሰኩት፣ ካሜራዎቹንና ድምፅ ማጉያውን ይሞክሩ። የዋስትና ካርዱ ላይ ያው ቁጥር፣ ቀኑና የሱቁ ማኅተም ይኑር፤ ባዶ ካርድ ይዞ መውጣት ዋስትና እንደሌለ ነው።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። «110–120 ቮልት» ብቻ የሚል ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ ይቃጠላል፤ ያኔ ሻጩ ጥፋቱን በእርስዎ አጠቃቀም ላይ ያደርገዋል። ሱቁ ውስጥ ሰክተው ያስነሱት። «መብራት የለም» ካሉ መብራት ሲመጣ ይመለሱ።

ዓይተው ካልወደዱትና ገና ካልተስማሙ ትተው መሄድ ይችላሉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ሸማች ዕቃ ስላየ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል።

«ደረሰኝ ከፈለጉ 15 በመቶ ይጨመራል» አሉኝ።

ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ እንጂ ለብቻው የሚሸጥ አገልግሎት አይደለም። በ20,000 ብር ላይ ቫቱ 3,000 ብር ነው፤ ለዚህም ነው የመጀመሪያው መልእክት «ከነቫቱ» የሚል ቃል ይኑረው ያልነው። 3,000 ብር ለማትረፍ ደረሰኙን የተወ ሰው 15ቱን ቀን የሚያስቆጥርበት ማስረጃ ትቷል።

ወንድሜ ሊረከብልኝ ሄዶ «ሌላ ሰው ስክሪንሾት አሳይቶ ወስዶታል» ተባለ።

ኃላፊነቱ የሻጩ ነው። ዕቃው የሚሰጠው ለገዢው ወይም ገዢው ለወከለው ሰው ነው፤ የክፍያ ስክሪንሾት ውክልና አይደለም። ለሚቀጥለው ጊዜ የተረካቢውን ሙሉ ስምና ስልክ ጽፈው «ከእሱ በቀር ለማንም አትስጡ» ብለው ይላኩ። የክፍያውን ስክሪንሾት ግሩፕ ላይ አይለጥፉ።

ፒያሳ የነበረው ሱቅ የለም፤ ስልኩም አይነሳም። ሙሉ ዋጋውን ከፍያለሁ።

በመልሶ ማልማቱ የተነሱ ሱቆች ብዙ ናቸው፤ የቻናላቸውን አድራሻ ያላደሱም አሉ። መጀመሪያ ይህን ያጣሩ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸው ካለዎት በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ ንግድ ፈቃዳቸውን ማየት ይቻላል። ሱቁ ካለና እምቢ ካለ፣ ሱቁ ለሚገኝበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነም ለከተማው ንግድ ቢሮ ያመልክቱ። ከመጀመሪያውም ሱቅ ያልነበረ ከሆነ ጉዳዩ የማታለል ወንጀል ነው፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ያስጠይቃል። በዚያው ቀን ለባንክዎ የግብይት ቁጥሩን ሰጥተው ያሳውቁ፤ ከዚያ የክፍያውን መልእክት፣ የገንዘብ ተቀባዩን ስምና ሂሳብ ቁጥር፣ የቻናሉን ስክሪንሾት አትመው ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። ቻናሉ ስሙን ቢቀይርም ገንዘቡ የገባበት ሂሳብ ባለቤት ባንኩ ዘንድ ተመዝግቧል።