የአያትሽን «እኛ» አትሰርዢ

ውድ ልጄ፣

«አያቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ሕይወቷን ልጽፍ ነው፤ ሰፈርተኛው ምን እያለ ይጠራት እንደነበር ልጻፈው ወይስ ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጻፊው። መልሱ አልከበደኝም፤ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ጽሑፍ በማርምባቸው ዓመታት ሴቶች ሕይወታቸውን ጽፈው ሲያመጡልኝ «እኛ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዝኩ «እኔ» አደርገው ነበር። ግለ ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ነው ብዬ አምን ነበር። ምን እንደሰረዝኩ የገባኝ ቤቢ ካምብሌን ሳነብ ነው።

ካምብሌ እ.ኤ.አ. በ1929 በሕንድ፣ ማሃራሽትራ ውስጥ ተወለደች። ወገኖቿ ማሃሮች «የማይነኩ» ተብለው የተገፉ ነበሩ፤ እንዲህ የተገፉት ዛሬ ራሳቸውን ዳሊት ይላሉ፣ የተረገጠ፣ የተሰባበረ ማለት ነው። ፋልታን በምትባል ከተማ ከባሏ ጋር ትንሽ ሱቅ ነበራት። ለዕቃ መጠቅለያ የሚመጣውን አሮጌ ጋዜጣ ታነብባለች፤ ባሏ ዕቃ ሊያመጣ ሲወጣ ደብተሯን አውጥታ ትጽፋለች፤ ሲመለስ ማንም እጁን በማይሰድበት አቧራማ ጥግ ትሸሽገዋለች። እንዲህ እያለች ሃያ ዓመት ከባልም ከልጅም ደበቀችው። ጽሑፉ በ1982 «ስትሪ» በተባለ የማራቲ ቋንቋ የሴቶች መጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ በ1986 መጽሐፍ ሆነ። ርእሱ «ጂና አሙቻ» ነው፤ «ሕይወታችን»። ሕይወቴ አላለችም።

አንድ ቦታ ላሳይሽ። የማሃር ሴቶች እንጨት ለቅመው ሸክሙን ብራህሚኖች፣ ከሁሉ በላይ ነን የሚሉት የካህናት ወገን፣ ደጅ ይዘው ይሄዳሉ። የቤቱ እመቤት «ፀጉራችሁ ወይም የልብሳችሁ ክር ተጣብቆ እንዳይገባ እያንዳንዱን እንጨት እዩ፣ ቤቴ ይረክሳል» ትላቸዋለች። ካስት፣ ሰውን በትውልዱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሥርዓት፣ ግፍ ነው የሚል ዐረፍተ ነገር እዚያ ቦታ አያስፈልግም፤ ያቺ አንዲት ፀጉር ትበቃለች። ካምብሌ ግን በዚህ አታበቃም። በማሃሮቹ ቤት ውስጥ አማት ምራቷን እንዴት እንደምታሠቃይ፣ ባል የሚስቱን አፍንጫ እስከ መቁረጥ እንደሚደርስም ትጽፋለች። ወገንሽ ከውጭ እየተገፋ ሳለ የራሱን ገመና መጻፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቢው።

ከላይ ያልኩትን የሚያፈርስ ነገርም ልንገርሽ። ካምብሌን ራሷንም ባሏ በጥርጣሬ ይደበድባት ነበር፤ መጽሐፏ ውስጥ ግን የለም። ተርጓሚዋ ማያ ፓንዲት ስትጠይቃት ይህ የአብዛኛዋ ሴት ዕጣ ነበር፣ እኔ የተለየሁ አይደለሁም የሚል መልስ ሰጠች። ስለዚህ «እኛ» ጋሻም ነው፣ መሸሸጊያም ነው። ሌላዋ ዳሊት ጸሐፊ ኡርሚላ ፓዋር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ግለ ታሪክ «አይዳን» ሌላ መንገድ ሄደች። ርእሱ እናቷ እየሸጠች ቤተሰቧን ያስተዳደረችበት የቀርከሃ ስፌት ስም ነው፤ እዚያ ውስጥ ባሏ መማሯን እንዳልወደደው ሳትደብቅ ጻፈችው። የትኛዋ ትክክል ናት ብትዪኝ ሁለቱም እላለሁ።

አያትሽን አማችም ወንድ ልጅም በሌለበት፣ እጇ ሥራ ላይ ሳለ አናግሪያት። ቤተሰብ ከተቀመጠ የምትነግርሽ ለእነሱ የሚስማማውን ነው። «ምን ተሰማሽ?» አትበያት። ገበያ ላይ ገንዘቡን እጇ ላይ ነው የሚሰጧት ወይስ መሬት ላይ ያስቀምጡላታል? ደግሶ የጠራት ሰው የት አስቀመጣት? ቤት ውስጥስ መጨረሻ የሚበላው ማን ነበር? «እኛ» ስትል አታቋርጪ። ስትጨርስ «እኛ ያልሽው እነማንን ነው? አንቺስ?» በያት። እኔ ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነበር።

ከድምፅ ወደ ወረቀት ስትገለብጪ ሰዋስዋን አታቃኚ። እየሰሙ ማቃናት ከተጀመረ ሦስተኛው ገጽ ላይ የምትናገረው አያትሽ ሳትሆን የትምህርት ቤት መምህር ትሆናለች። የደቡብ ሕንዷ ዳሊት ጸሐፊ ባማ እ.ኤ.አ. በ1992 ግለ ታሪኳን «ካሩኩ»ን በመንደሯ የታሚል ቋንቋ አነጋገር ነው የጻፈችው፤ ርእሱ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሚቆርጥ የዘንባባ ቅጠል ነው፣ ቋንቋውም እንደዚያው ነው። ስድቡንም ማን፣ የት፣ ምን ሲሆን እንዳለው አድርገሽ አስገቢው፤ ተናጋሪ ከሌለው ያንቺ ቃል ይመስላል።

እናንተ የዛሬ ልጆች ማታ የሰማችሁትን ጠዋት ስልክ ላይ ትለጥፋላችሁ፤ ይህ አይዋጥልኝም። ሃያ ዓመት ደብተር መሸሸግም ለማንም የምመኘው ነገር አይደለም። ከማውጣትሽ በፊት ግን ለአያትሽ አንብቢላት፤ ይህን ተዪው ካለችሽ ተዪው፣ ሕይወቱ የእሷ ነው።

የመጀመሪያውን ግልባጭ ግን ምንም ሳይነካ ለብቻው አስቀምጪ፤ የምታርሚው ሁለተኛውን ይሁን። እኔ ያረምኳቸው ጽሑፎች ዋና ቅጂ ዛሬ የለም። ሴቶቹ «እኛ» ያሉት እነማንን እንደነበር ልጠይቅ ብል እንኳ የትኛው ገጽ ላይ እንደሰረዝኩት አላውቅም።