ከተጣለ በኋላ ሳይሆን ከመሠራቱ በፊት፦ ስለ ዕቃ ንድፍ ጥያቄና መልስ

ሁለተኛ ዲግሪዬን ከጨረስኩ ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ምርምሬም የቤት ዕቃዎች በቀላሉ እንዲፈቱ፣ እንዲጠገኑና ክፍሎቻቸው ተመልሰው እንዲያገለግሉ አድርጎ በመንደፍ ላይ ነው። አምስት ኪሎ በነበረን ውይይት ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሚከተሉትን ከነመልሶቻቸው አስፍሬአለሁ።

ጥያቄ፦ ይህ ሥራ ሪሳይክል ከሚባለው በምን ይለያል?

መልስ፦ ሪሳይክል የመጨረሻው አማራጭ ነው። ዕቃው ሲቀልጥ ወይም ሲፈጭ እርሱን ለመሥራት የፈሰሰው ጉልበትና ሙያ አብሮ ይጠፋል፤ የሚተርፈው ጥሬ ዕቃው ብቻ ነው፣ ያም ፕላስቲክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥራቱ ቀንሶ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ይህንማ ምናለሽ ተራ ያሉት ሳይማሩ ይሠሩት የለ? አንተ ምን ትጨምራለህ?

መልስ፦ እውነትዎን ነው፣ አባባ። ቆራሌው ከየደጃፉ የሰበሰበው ቆርቆሮና በርሜል መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃ፣ ያረጀውም ጎማ በረባሶ ሆኖ ይወጣል፤ እኔም ከመጻሕፍት ያልተማርኩትን እዚያ ቆሜ ተምሬአለሁ። ነገር ግን የእነርሱ ጥበብ የሚጀምረው ዕቃው ከተጣለ በኋላ ሲሆን የእኔ ሥራ ዕቃው ከመሠራቱ በፊት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድን እንደ ምሳሌ ይውሰዱ። የሚግለው ሽቦ ከሸክላው ሥር በተቀረጸ ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ ተዘርግቶ በጀሶ ይደፈናል፤ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ሲቃጠል ጀሶው መፈልፈል አለበት፣ በዚህ መሐል የባለሙያው እጅ ትንሽ ከሳተ ደህናው ሸክላ ይሰነጠቃል። የተበላሸው ጥቂት ስንዝር ሽቦ ሆኖ ሳለ ምጣዱን በሙሉ የሚያስጥለው አሠራሩ ነው። ጀሶውን ትቼ በብሎን የሚታሰር ክዳን ሞክሬ ነበር፤ ሽቦው ከሸክላው በመራቁ መሐሉ ሳይግል ቀረና እንጀራው ዓይን አላወጣም። ለካ ጀሶው ሽቦውን መያዝ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንም ወደ ሸክላው ያደርስ ኖሯል። አሁን የምፈልገው ሁለቱንም የሚያሟላ፣ ግን የሚፈታ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በአካባቢ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በምን ትለካለህ?

መልስ፦ የሕይወት ዑደት ምዘና በሚባለው፣ ዕቃው ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ እስኪጣል ድረስ የሚያደርሰውን ጉዳት በሚደምረው ዘዴ ነው፤ ኦፕንኤልሲኤ የተባለው ሶፍትዌርም በነፃ ይገኛል። የሚያስቸግረው መረጃው ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ በሚመነጭበት አገር የተጠና የማብሰያ ዕቃ ከፍተኛውን የካርቦን ልቀት የሚያስከትለው በአገልግሎት ዘመኑ ነው፤ የእኛ ኤሌክትሪክ ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ስለሚመነጭ የማምረቻው ድርሻ ከፍ ይላል። የሌላውን አገር ድምዳሜ እንዳለ መገልበጥ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሕጉስ ይህን ይደግፋል?

መልስ፦ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሱ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከልክሎ ነበር፤ ስለ መጠገን ግን አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኤኮዲዛይን ደንብ (ምርቶች ዘላቂና የሚጠገኑ ሆነው እንዲነደፉ የሚጠይቀው) ለምርቶች ዲጂታል ፓስፖርት፣ ማለትም ስለ ምርቱ አሠራርና ይዘት የሚገልጽ የኤሌክትሮኒክ መረጃ፣ ያመጣል፤ ልብስ ቅድሚያ ከተሰጣቸው አንዱ ስለሆነ ወደዚያ የሚልኩ አምራቾቻችን ከወዲሁ ቢያጠኑት ይበጃቸዋል።

ጥያቄ፦ ደመወዙ እንዴት ነው?

መልስ፦ የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ ብንነጋገርበት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የእኔ ምጣድ አልግል ብሏል። ልጣለው?

መልስ፦ አይጣሉት፣ እህቴ። ከሶኬት ነቅለው ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጀመሪያ ገመዱ ከሽቦው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እንዲያይልዎ ያድርጉ፤ ብሎኑ ላልቶ ጠቁሮ ከተገኘ ጀሶው ሳይነካ ይስተካከላል።