ወርቁን ተዉትና አቀማመጡን ጠይቁ

በቅርቡ ለተማሪዎች ስለ ጥንት መቃብሮች እንዳወራ ተጋብዤ ነበር። ስጨርስ አንድ ልጅ ተነሳና «ጋሼ፣ ከአክሱም ሐውልቶች ስር ወርቅ አልተገኘም?» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። ከስራቸውና ከአጠገባቸው የመቃብር ክፍሎች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ከጥንት ጀምሮ ተዘርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የአርኪዮሎጂስቱ የኔቪል ቺቲክ ቡድን ያገኘው የጡብ ቅስቶች መቃብር እንኳ ሌባ ቀድሞ ገብቶበት ነበር። ለእኛ የደረሰን ሌባው የናቀው ነው፤ የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ፣ የብርጭቆ ስባሪ፣ ነሐስ፣ ሸክላ።

እንቅልፍ የነሳኝ የማሰሮ ነገር ነው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ከአክሱም ወጣ ባለ መንደር አንድ ገበሬ የቤት መሠረት ሲቆፍር መቃብር ተከፈተ። የንጉሥ መቃብር አልነበረም። ጉዲት በሚባለው የሐውልት ሜዳ እንደምናየው ያልተጠረበ ድንጋይ የቆመለት፣ የተራ ሰው ማረፊያ ነው። ወሬው ለኛ ለአርኪዮሎጂ ቡድኑ ቶሎ ደረሰን። መኪና ነበረ፣ ነዳጅም ነበረ፤ የጎደለው የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ ነው። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። የኛ አገር ስብሰባ ደግሞ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ የለውም። ደብዳቤው ወጥቶ ስንደርስ የጠበቀን ባዶ ጉድጓድ ነው።

ዕቃዎቹ አልጠፉም። የገበሬው እናት ሰብስበዋቸዋል። በአመድ ፈትገው፣ በውሃ አጥበው፣ ደጃፍ ካለው መደብ ላይ ደርድረዋቸዋል። ጥቋቁር ማሰሮዎች፣ አፉ የተሸረፈ ዋንጫ፣ ጥቂት ዶቃ። አንዷ ማሰሮ ውስጥ ተልባ ገብቶባታል። አጥንቱን በነጠላ ጠቅልለው፣ ቄስ አስጠርተው አስቀብረውታል። «የማንም ልጅ ይሁን፣ ሜዳ ላይ አይጣልም» አሉ። ምን ይባላል? እናቴ ብትሆንም ያንኑ ታደርግ ነበር።

የቡድናችን ኃላፊ ፊቱ ጠቆረ። ማሰሮ ሲታጠብ ከውስጡ የቀረው ዝቃጭ አብሮ ይሄዳል። ሟቹ የተሰነቀለት ምግብ ይሁን መጠጥ የሚታወቀው ከዚያ ነው። አደይ፣ እናትየዋ፣ ግን ጠላ ቀዱልንና ወሬያቸውን ቀጠሉ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ጠጠር ለቀሙ። ይቺ ትንሿ ከራስጌው በአፏ ተደፍታ ነበር። እነዚህ ሁለቱ አንዱ ባንዱ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ዋንጫው ከእጁ አጠገብ። ዶቃውን ያገኙት ከእግሩ ጋ ነው፤ «ለአንገት መስሎኝ ነበር፣ እኔም ገረመኝ» አሉ። መቃብሩን በጠጠር መልሰው ሠሩት።

ኃላፊው አስተርጓሚውን ሰምቶ ሳይጨርስ «ከተነካካ በኋላ የሚነገር ወሬ መረጃ አይሆንም» አለና ወደ መኪናው ሄደ። እኔ ጀማሪ ነኝ፤ ሥራዬ ሜትር መያዝ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ የገባው የማሰሮዎቹ ብዛትና ቁመት ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለማሰሮ አቀማመጥ ምን ያስቆጫል ትሉ ይሆናል። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃዋርድ ካርተር የጥንቱን የግብፅ ንጉሥ የቱታንክሃሙንን መቃብር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። የወርቅ ጭንብሉን የማያውቅ የለም። ከ5,000 በላይ ዕቃ ነበረበት፤ አውጥቶ ለመጨረስ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቷል። ሃሪ በርተን የሚባል ፎቶ አንሺ ዕቃዎቹን ከመነካታቸው በፊት በቦታቸው እንዳሉ ያነሳ ነበር። በሬሳ ሣጥኖቹ ላይ የአበባ ጉንጉን ተገኘ። የዕፅዋት አዋቂዎች አበቦቹ የሚያብቡበትን ወቅት አይተው ቀብሩ በመጋቢትና በሚያዝያ ገደማ እንደነበር ገመቱ። ያ ሁሉ ወርቅ ያልነገረንን የደረቀ አበባ ነገረን።

ጁሴፔ ፌርሊኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1834 ሱዳን ሜሮዌ ላይ ፒራሚድ እያፈረሰ ወርቅ ፈለገ። አገኘም። የንግሥት አማኒሻኬቶ ጌጥ ዛሬ በርሊንና ሙኒክ ሙዚየም ውስጥ ነው። ከፒራሚዱ የትኛው ክፍል እንደወጣ ግን ያለን የእሱ ቃል ብቻ ነው፤ ምሁራን ዛሬም ይጠራጠሩታል።

የሮማው ሐውልታችንም ትዝ አለኝ። 24 ሜትር የሚሆን የመቃብር ምልክት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ ከ60 ዓመት በላይ መቃብር በሌለበት አደባባይ ቆመ። በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1997 ለሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ሲመለስ ሰው እልል አለ፣ አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ። እሱን ለመትከል አካባቢው ሲፈተሽ ከመኪና ማቆሚያው ስር ሳይቀር የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ታወቀ። ስንት ዘመን መኪና አቁመንባቸዋል!

የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ችኩሎች ናችሁ። ሐውልቱ ስር ቆማችሁ ሰልፊ ትነሱና ውልቅ። ከግርጌው ባለው የድንጋይ ወለል ላይ የተፈለፈሉትን ጽዋ መሰል ጎድጓዶች ልብ ያለ ስንቱ ነው? ለሙታን መጠጥ የሚፈስባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ስልካችሁን ወዲያ በሉት ልላችሁ ነበር። ግን ያኔ ከገበሬው ልጆች አንዱ ስልክ ቢኖረው ኖሮ እኔም ይሄን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

አንብቡ፣ ቋንቋ ተማሩ የሚለውን ሌላ ሰው ይምከራችሁ። እኔ የምለው ሥዕል ተማሩ ነው። ድንጋይና ማሰሮ አይቶ በወረቀት ላይ በልኩ ማስቀመጥ የሚችል ሰው በኛ ሙያ ዛሬም ብርቅ ነው።

አሁን ግንባታ የሌለበት ሰፈር የለም። መሠረት ሲቆፈር መቃብር ካያችሁ ምንም አታውጡ። ከላይም ከቅርብም ፎቶ አንሱት፣ ሰሜን የት እንደሆነ ምልክት አድርጉ፣ አፈሩን መልሱበትና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ተናገሩ። ዕቃው ወጥቶ ከደረሳችሁ ያወጣውን ሰው ፈልጉና ያለውን እንዳለ ጻፉ። ወሬ ነው የሚላችሁ አለቃ ካለ ወሬውንም ከነቀኑና ከነተናጋሪው ጻፉት። ፎቶው ውስጥ ደግሞ እናንተ አትግቡ፤ መጠን ለማሳየት እስክሪብቶ ይበቃል።