የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሞተሩ የሚጠፋው በእኔ ጥፋት ነው ወይስ በመኪናው?

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በአውቶማቲክ መኪና ነው። አሁን አጎቴ ለብዙ ዓመታት የሠራበትን አሮጌ ባለማርሽ ፒክአፕ እንድነዳ እያስተማረኝ ይገኛል። ከቆምኩበት ስነሣ ወይ ሞተሩ ይጠፋል፣ ወይ መኪናው እየዘለለ ይሄዳል። አጎቴ «ነዳጅ ጨምሪ» ይለኛል፤ ስጨምር ደግሞ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። ኋላ ማርሽ ለማስገባት ስሞክርም ይፋጫል። እሱ ሲነዳው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አይታይም። ጥፋቱ የእኔ ይሁን የመኪናው መለየት አልቻልኩም፤ ደፍሬ «መኪናህ ችግር አለበት» እንዳልለውም ቅር እንዳይለው ፈራሁ።

መልስ፦ ከገለጹልን ሁኔታ እንደምንረዳው ከሁለቱም ወገን ጥቂት ጥቂት ያለ ይመስላል። መጀመሪያ የእርስዎን ድርሻ እንመልከት።

ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ ይሽከረከራል፤ የቆመ መኪና ጎማ ግን አይዞርም። እነዚህን ሁለቱን ሳያጋጭ የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሪሲዮኑ ሸራ (የሚፋተገው ክብ ሳህን) ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ቮላኖ ይላቀቃል፤ ሲለቀቅ ደግሞ በስፕሪንግ ጉልበት ተጭኖ ይጣበቅበታል። በመላቀቅና በመጣበቅ መካከል ሸራው እየተንሸራተተ ቀስ በቀስ የሚይዝበት አጭር ርቀት አለ፤ የባለማርሽ መኪና ትምህርት ከባዱ ክፍል ይህን ርቀት በግራ እግር መልመድ ነው። ፔዳሉ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ እግርዎ ከዘለለ፣ ሞተሩ የመኪናውን ክብደት በአንድ ጊዜ ስለሚሸከም ይጠፋል። ባይጠፋ እንኳ መኪናው ወደፊት ሲወረወር ሰውነትዎ ወደኋላ ይሄዳል፤ ነዳጅ ላይ ያለው ቀኝ እግርዎም አብሮ ይነቃነቃል፤ ያን ጊዜ መዝለሉ ይቀጥላል። መውጫው ፍሪሲዮኑን እንደገና ረግጦ ከመጀመሪያው መነሣት ነው እንጂ በነዳጅ መታገል አይደለም።

ስለዚህ ለጥ ባለና ሰው በማይመላለስበት ሜዳ ላይ ሞተሩን በደንብ አሙቀው ነዳጁን ጨርሶ ሳይነኩ ይለማመዱ። አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን እጅግ በዝግታ ይልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ሲል፣ የመኪናው አፍንጫም ትንሽ ብድግ ሲል ይሰማዎታል፤ እግርዎን እዚያው ያቁሙት፤ መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምርም ፔዳሉን ለሁለት ሰከንድ ያህል ካሉበት ሳያንቀሳቅሱ ይጠብቁና ቀሪውን ይልቀቁ። ሰዎች የሚሳሳቱት መኪናው እንደተንቀሳቀሰ «ተሳካ» ብለው እግራቸውን ስለሚያነሡ ነው። የናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ስላለው በሚኒሞ ብቻ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ያለችግር ይነሣል፤ ባለካርቡራቶር የቤንዚን ሞተር የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ በተለይ ገና ሳይሞቅ ሲቀር። የአሮጌ ፒክአፕ ፔዳል ርቀቱ ረጅም ስለሆነም ወንበሩን ወደፊት ያስጠጉ፤ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ጉልበትዎ ትንሽ መታጠፍ አለበት። ወንበሩ አልስተካከል ካለ ከጀርባዎ ጠንካራ ትራስ ያስደግፉ። ወፍራም ሶል ያለው ጫማም ለዚህ ትምህርት አይሆንም።

የአጎትዎ ምክር ጭነት ላለበት መኪናና ለዳገት ትክክል ነው። በሜዳ ላይ ግን ነዳጅ መጨመር የእግርን ስሕተት ይሸፍናል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሸራው ነው። የሸተተዎት ሽታም በመንሸራተት ብዛት የጋለ ሸራ ነው። ሲሸትዎት ልምምዱን አቁመው መኪናውን ያሳርፉት።

አሁን ወደ መኪናው። አንድን መኪና ለብዙ ዓመታት የነዳ ሰው ጉድለቱን ጉድለት ብሎ ማየት ይተዋል፤ እግሩ ለምዶታልና። አጎትዎ በሚነዱበት ጊዜ መንገዱን ትተው ግራ እግራቸውን ይመልከቱ። ማርሽ ከማስገባታቸው በፊት ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ደጋግመው የሚረግጡ ከሆነ መልሱን ግማሽ ያህል አግኝተዋል፤ ምናልባት ራሳቸውም እንዲህ እንደሚያደርጉ ልብ አይሉትም ይሆናል። በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሪሲዮን ዘይቱ ሲጎድል፣ አየር ሲገባበት ወይም ግፊቱን የሚያስተላልፈው ሲሊንደር ሲያረጅ በአንድ ርግጫ ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም፤ ሲደጋገም ግን ይላቀቃል።

ይህን በኋላ ማርሽ መፈተን ይቻላል። በብዙ መኪናዎች ኋላ ማርሽ ጥርሶቹን የሚያስማማ ሲንክሮናይዘር የለውም፤ ፍሪሲዮኑ ከተረገጠም በኋላ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ውስጥ ያሉት ጥርሶች ለጥቂት ጊዜ መዞራቸውን ይቀጥላሉ። መኪናው ፈጽሞ ቆሞ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠው አምስት ሰከንድ ያህል ይቆዩና ያስገቡ። ያለድምፅ ከገባ ቀድሞ ያፋጨው ችኮላ ነው፤ ጥፋቱ የእርስዎ ነበር። ጠብቀውም ከተፋጨ፣ ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡት ግን ከተወው፣ ፍሪሲዮኑ በቅጡ አይላቀቅም ማለት ነውና የዘይቱ መጠን ይታይ፤ በገመድ የሚሠራ ከሆነም ገመዱ ይስተካከል። ፔዳሉ ገና ከወለሉ እንደተነሣ ወዲያው የሚይዝ መኪናም ወደዚሁ ያመለክታል።

የሸራውን ማለቅ ለማወቅ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ ይህን አጎትዎ ራሳቸው ቢያደርጉት ይመረጣል። ከፊት ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ የእግር ፍሬኑም ተረግጦ ሦስተኛ ማርሽ ይገባና ፍሪሲዮኑ በዝግታ ይለቀቃል። ደኅና ሸራ ሞተሩን ያጠፋዋል። ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቱን ከቀጠለ ሸራው ይንሸራተታል፤ ፈተናው ራሱ ሸራውን ስለሚያግል አንድ ጊዜ ይበቃል። አጎትዎ ሲነሡም መኪናው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሸራው ዘይት ነክቶት ወይም የሞተሩ መደገፊያ ጎማዎች አርጅተው ሊሆን ይችላልና ለመካኒክ ያሳዩት። እንዲህ ከተፈተነ «መኪናህ ችግር አለበት» የሚለውን እርስዎ መናገር አይኖርብዎትም።

ጥያቄ፦ ልጄ በአሮጌ ባለአራት ማርሽ ፒክአፕ እየተማረ ነው። እየሄደ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ሲመልስ ማርሹ ይፋጫል። እኔ ድሮ በጭነት መኪና ስሠራ ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጥን ነበር የምንቀይረው። ይህን ላስተምረው ወይስ ጊዜው አልፎበታል?

መልስ፦ ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲንክሮናይዘር ያለው ካምቢዮ በመኪና ላይ ካወጣ በኋላ ሁለቴ መርገጥ ለቤት መኪና ቀስ በቀስ አላስፈላጊ ሆነ። የሥራ መኪናዎች ግን ዘግይተው ነው የተከተሉት፤ ብዙ አሮጌ ፒክአፖች ከሁለተኛ ጀምሮ ሲንክሮናይዘር ኖሯቸው አንደኛው የላቸውም። የልጅዎ መኪና ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ያስተምሩት፤ ነገር ግን ከዚያ አስቀድመው አንደኛን ለመነሻ ብቻ እንዲተወው ይንገሩት። በባለአራት ማርሽ የሥራ ፒክአፕ ላይ አንደኛው ለከባድ ጭነትና ለአስቸጋሪ ዳገት የተሠራ እጅግ ጉልበታም ማርሽ ከሆነ፣ ባዶ መኪና በሜዳ ላይ በሁለተኛ መነሣት ይችላል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስም መኪናው ሊቆም እስኪቃረብ ድረስ ሁለተኛው ይበቃዋል።

ወደታች ሲቀይር ፍሪሲዮኑን ረግጦ ወደ ዜሮ ማርሽ ያውጣ፣ ፍሪሲዮኑን ይልቀቅ፣ ነዳጅ ነካ አድርጎ ዙሩን ከፍ ያድርግ፣ እንደገና ረግጦ ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገባ። ምክንያቱን ቢነግሩት አይረሳውም፤ በዜሮ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ሞተሩ የካምቢዮውን ጥርሶች ስለሚያዞራቸው፣ ዝቅተኛው ማርሽ ወደሚፈልገው ፍጥነት ከፍ ይላሉ። ወደላይ ሲቀይር ጥርሶቹ መዘግየት እንጂ መፍጠን ስለማያስፈልጋቸው ነዳጅ አይሰጥም። ሲንክሮናይዘሩ ላረጀ ሁለተኛ ማርሽም ይኸው ዘዴ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ዳገት ላይ ተሽከርካሪ ሲጠብቅ መኪናውን በፍሪሲዮንና በነዳጅ ይዞ ማቆየት ጉዳት አለው? ሲቆምስ በየትኛው ማርሽ ይተው?

መልስ፦ አዎን፣ ጉዳት አለው፤ ሸራው በቆመበት ሁሉ እየተፋተገ ነው። የእጅ ፍሬኑን ስበው ይቁሙ። ሲነሡ ፍሪሲዮኑን የሚይዝበት ድረስ ይልቀቁ፣ ነዳጅ ጨምረው መኪናው ወደፊት ሲገፋ ሲሰማዎት የእጅ ፍሬኑን ያውርዱ። ባዶ ፒክአፕ ከኋላው ቀላል ነውና እርጥብ ዳገት ላይ ነዳጅ ካበዙ የኋላ ጎማዎቹ ባዶ ይሽከረከራሉ። የእጅ ፍሬኑ መኪናውን የማይዝ ከሆነ እስኪጠገን ድረስ የዳገት ልምምድ አይጀመር።

ሲቆም፣ አፍንጫው ወደ ዳገቱ ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለቱ ከሆነ ኋላ ማርሽ ይግባ፣ የእጅ ፍሬኑ ይሳብ፣ ተዳፋቱ ከበዛም ጎማው ሥር ታኮ ይደረግ። በኋላ ሲመለሱ ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት ፍሪሲዮኑንና የእግር ፍሬኑን አጥብቀው ይርገጡ፤ ብዙ አሮጌ ፒክአፖች ፍሪሲዮን ሳይረገጥ እንዳይነሡ የሚከለክል መሣሪያ ስለሌላቸው፣ ማርሽ ላይ እያለ ቁልፉ ከዞረ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ራሱ መኪናውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይወረውረዋል።