ለጸሎት ለመንቃት እንክብል ብወስድ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ሌሊት ደግሞ ተነሥቼ የመጸለይ ልማድ አለኝ። እንቅልፍ ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ ቡና አበዛሁ፣ ቀጥሎ ኢነርጂ ድሪንክ ጀመርኩ። አሁን ጓደኛዬ የሚሰጠኝን የሚያነቃ እንክብል እወስዳለሁ። ያልወሰድኩ ቀን መጽሐፉን መግለጥ እንኳ ያቅተኛል። ጫት አልቅምም፣ ሲጋራ አላጨስም። የምወስደውም ለጸሎትና ለትምህርት ብዬ ነው። ይህ ኃጢአት ነው? ቡናስ ያው አነቃቂ አይደል? ታናሽ ወንድሜም ለትኩረት ችግር ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት አነቃቂ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ እንዲያቆም ልነግረው ነበር። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንህ። ወንድምህን መድኃኒቱን አቁም እንዳትለው። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ።

አነቃቂ የምንለው የአንጎልንና የነርቭን ሥራ የሚያፋጥን ነገር ሁሉ ነው። በቡናና በሻይ ያለው ካፌይን፣ በትምባሆ ያለው ኒኮቲን፣ በጫት ያለው ካቲኖን፣ አምፌታሚን፣ ኮኬይን፣ ሁሉም በዚህ ስም ይጠራሉ። ስማቸው ቢያገናኛቸውም ጉልበታቸው ለየቅል ነው። ቡናስ አነቃቂ አይደል ወይ ያልከው ትክክል ነው፤ ነው። ግን ካፌይንና አምፌታሚን ሰውነት ውስጥ የሚሠሩት በተለያየ መንገድ ነው።

ከካፌይን ልጀምር። አንጎላችን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። «በቃ፣ ደክመሃል፣ ተኛ» ብሎ የሚነግረን እሱ ነው። ካፌይን በመልኩ አዴኖሲንን ይመስላል። ስለዚህ ቀድሞ ገብቶ ወንበሩን ይይዝበታል። መልእክተኛው ደጅ ቆሞ ይቀራል ማለት ነው። ድካሙ ግን የትም አልሄደም፤ ወሬው ብቻ ነው ያልደረሰህ። ካፌይኑ ሲለቅ ደጅ የቆየው ሁሉ በአንዴ ይገባል። ያን ጊዜ ነው ሰው ዝልፍልፍ የሚለው። ደግሞም ከጠጣኸው ካፌይን ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 2 ሰዓት የጠጣኸው፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጥህ አለ።

እነ አምፌታሚን ግን ከዚህ በጣም ያልፋሉ። ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን የአንጎል መልእክተኞች ካሉበት ጎተራ በብዛት ያስወጧቸዋል። ዶፓሚን ስንበላ፣ ሥራ ሲሳካልን፣ የናፈቅነውን ሰው ስናገኝ በልኩ የሚለቀቅ ነው። በአነቃቂ ሲመጣ ግን ልክ የለውም። ሰውነትም አውሬ ያባረረው ያህል ይዘጋጃል። ልብ ይፈጥናል። የደም ሥር ይጠባል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ አፍ ይደርቃል፣ ምግብ ያስጠላል። የሚያባርርህ አውሬ ግን የለም። አንተ ቁጭ ብለሃል፣ ልብህ ይሮጣል። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም ልብ ይጎዳል። መጠኑ ሲበዛ የልብ ምት ሊዛባ፣ የአንጎል ደም ሥርም ሊፈስ ይችላል። በወጣቶችም ላይ ይደርሳል።

ጫት አልቅምም ብለሃል። ደግ አደረግህ። ግን ከሚቅመው ሰው ራስህን በጣም አርቀህ እንዳታይ። ካቲኖን በአሠራሩ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። የምትወስደው እንክብልም ከዚያ ወገን ከሆነ፣ እሱ በቅጠል ያገኘውን አንተ በእንክብል አግኝተኸዋል። የእንክብሉን ስም አልጻፍክልኝም። አንተም የምታውቀው አይመስለኝም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ብዬ ቡና በቡና ላይ ስደርብ ያደርኩበት ሌሊት አለ። 9 ሰዓት ሲሆን ልጸልይ ብዬ መዝሙረ ዳዊት ገለጥኩ። ገጹን የያዘው ጣቴ ይንቀጠቀጣል። አንዷን መስመር አራቴ አነበብኳት። ዓይኔ ፈጧል፣ ልቤ ጆሮዬ ላይ ይመታል፣ ቃሉ ግን አይገባም። ያን ሌሊት ጸለይኩ ለማለት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

«ትጉና ጸልዩ» ተብሎ የለም ወይ ትለኝ ይሆናል። ተብሏል። ግን ያ ቃል በጌቴሴማኒ ለማን እንደተነገረ አስብ። እንቅልፍ ለጣላቸው ደቀ መዛሙርት ነው። ጌታችን እዚያው ላይ ሥጋ ደካማ መሆኑን ተናገረላቸው። እሱ ራሱም ማዕበል ሲነሣ ታንኳው ውስጥ ተኝቶ ነበር። ኤልያስንም ተመልከት። ሞቴን አምጣልኝ ብሎ ከዛፍ ሥር ወደቀ፤ ተኛም። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ አልገሠጸውም። ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው፣ ከዚያ በኋላ ነው የ40 ቀኑን መንገድ የጀመረው። የደከመን አገልጋይ እግዚአብሔር በእንቅልፍና በምግብ እንዳበረታው እያነበብን፣ እኛ ግን እንቅልፍን እንደ ጠላት እንቆጥረዋለን።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ቡና በልኩ ኃጢአት አይደለም። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን ብዙም ጉዳት እንደሌለው ይነገራል፤ በትልቅ ኩባያ አራት ቡና ገደማ ነው። ለነፍሰ ጡር ግማሹ ነው። ኢነርጂ ድሪንኩም እዚሁ ቁጥር ውስጥ ይገባል፣ ለብቻው እንዳታየው። እንክብሉ ግን ልክ አይደለም። ለጸሎት ብዬ ነው ማለትህም አያነጻውም። ሐዋርያው «ሁሉ ተፈቅዶልኛል» ካለ በኋላ «በእኔ ላይ ግን ምንም አይሠለጥንብኝም» ይላል። አንተ ደግሞ «ያልወሰድኩ ቀን መጽሐፉን መግለጥ ያቅተኛል» ብለህ ጽፈሃል። ከደብዳቤህ ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህ የሚሆነው ሃይማኖትህ ስለቀነሰ እንዳይመስልህ። አንጎል በየቀኑ ዶፓሚን ሲፈስበት ይሰለቻል፣ መቀበያዎቹን ይቀንሳል። ያኔ በልኩ የሚመጣው ደስታ አይሰማህም። መዝሙሩም፣ የእናትህ ጨዋታም፣ ምግቡም ይደበዝዛል። እንክብሉ የቀረ ቀን ድብርትና ሐራራ ይመጣል። «ጸሎት ደረቀብኝ፣ እግዚአብሔር ራቀኝ» ብለው ከሚመጡልኝ ወጣቶች ብዙዎቹ፣ ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው አንድ የሚወስዱት ነገር አለ።

ከዚህም የባሰ አለ። አንዳንዱ «ድምፅ ሰማሁ፣ የሚከታተለኝ ሰው አለ፣ ራእይ አየሁ» ብሎ ይመጣል። እኔ ቀድሜ የምጠይቀው «ከተኛህ ስንት ቀንህ ነው? ምንስ ትወስዳለህ?» ብዬ ነው። ጠንካራ አነቃቂና እንቅልፍ ማጣት ሲገናኙ የሌለ ድምፅ ያሰማሉ፣ ወዳጅን ያስጠረጥራሉ። ይህ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። እንዲህ ያለውን ሰው «መንፈስ ነው» ብለን ብቻ ከሐኪም ማስቀረት ትልቅ በደል ነው። እንጸልይለት፣ ዛሬውኑም ሆስፒታል እንውሰደው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። የቀረውን እንክብል ይዘህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ምን እንደሆነ ያይልሃል፣ እንዴት እንደምታቆመውም ይነግርሃል። አትፈር፣ ሐኪም እንዲህ ያለ ነገር ስንቱን አይቷል። ደረትህን ካመመህ ወይም ልብህ ከተዘበራረቀ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ። ቡናውን በአንዴ አትቁረጠው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ራስ ምታት ይጀምርሃል፣ ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። በየጥቂት ቀኑ አንድ ኩባያ ቀንስ። ከሰዓት በኋላም ተወው። ለአሁኑ የሌሊቱን ጸሎት አሳጥረህ ከመኝታህ በፊት አድርገው። ለዚህም ለውጥ የንስሐ አባትህን አማክር፤ ብቻህን ስትወስን ያደርከው ነው እዚህ ያደረሰህ። ሥራ፣ ትምህርትና ሌሊት ጸሎት ሦስቱን አንድ ላይ መሸከም ካልቻልክ ደግሞ፣ የትምህርቱን ጭነት ለአንድ ወቅት መቀነስ ውርደት አይደለም።

አሁን ወደ ወንድምህ። እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉ መድኃኒቶች አነቃቂ መሆናቸው እውነት ነው። ግን ሐኪም መርምሮ፣ መጠኑን ለክቶ፣ የልብ ምቱንና ክብደቱን እየተከታተለ ነው የሚሰጠው። ትኩረትንና ራስን መግዛትን የሚመራው የአንጎል ክፍል በሚገባ እንዲሠራ ይረዳል። ለዚህ ነው ይቅበጠበጥ የነበረ ልጅ ሲረጋጋ የምታየው። ለእሱ የታዘዘውን አንተ እንዳትቀምስ፣ እሱም ለማንም እንዳይሰጥ። ነገ ጠዋት መድኃኒቱን ሲወስድ አጠገቡ ቁም፣ ከዚያም አባታችን ሆይን አብራችሁ በሉ።