«ይብቃን ልጄ» አለችኝ

ጥያቄ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ነሽ?

ዕድሜዬ 36 ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጡረታ ስወጣ እማዬን ይዤ እዚህ እሄዳለሁ፣ ያንን አሳያታለሁ ሲል ነው የኖረው። ጡረታ በወጣ በሰባተኛው ወር ታመመ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ ሐኪም ቤት ነው።

ሐዘኑ ትንሽ ቀለል ሲለኝ አንድ ነገር ወሰንኩ። እማዬ እንደ አባዬ ምንም ሳታይ አትሄድም አልኩ። ደብተር ገዛሁና «ከእማዬ ጋር» ብዬ አሥራ ሁለት ነገሮች ጻፍኩ። ሰው ባኬት ሊስት የሚለው ዓይነት ነው፤ ከመሞት በፊት ቢደረግ ተብሎ የሚመኙት። አሥራ አንዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አብዛኞቹ አባዬ ያወራቸው የነበሩ ናቸው። አሥራ ሁለተኛውን እሷ ጨመረችው፤ ብስክሌት መንዳት። ልጅ ሳለች ወንድሞቿ ሲነዱ እሷ ተከልክላ ነበር። እኔ ግን በዚህ ዕድሜ ወድቃ ብትሰበርስ ብዬ ወደ መጨረሻ ገፋሁት።

እስካሁን አራቱን ጨርሰናል። በሞቃት አየር በሚነሳው ትልቁ ፊኛ በረናል። ከዚያ ስንመለስ ጉልበቷ አብጦ አንድ ሳምንት አነከሰች። ባሕርም አይታለች። ውሃው ዳር ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ቆመች። ማዕበሉ እግሯን ነክቶ ሲመለስ አሸዋው ከተረከዟ ሥር ይሸሻል። «እግሬን እየጎተተው እኮ ነው!» ብላ ሳቀች። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። «ትንሽ እንቆይ» አለችኝ። የጀልባው ሰዓት እየደረሰብን ስለነበር እጇን ይዤ ወሰድኳት። አሁን ስጽፍልሽ ቆጨኝ።

ባለፈው ወር ለሚቀጥለው ጉዞ ትኬት ልቆርጥ ስል «ይብቃን ልጄ» አለችኝ። ተራራ ልንወጣ ነበር ያሰብነው። «እኔም ደከመኝ፣ አንቺም ደክሞሻል» አለች። ከዚያ በላይ ምንም አልጨመረችም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ከፍቶኛል። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ያለቀው በዚህ ነው። የዓመት ፈቃዴም አልቋል። ወንድሜ ሩቅ ሆኖ «ተያት በቃ፣ ትረፍ» ይለኛል። ብተወው ደግሞ እንደ አባዬ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ላግባባት ወይስ ልተወው?

ደብተሩን የያዝኩት ልጅ

መልስ

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት፣ ያደረግሽው ጥሩ ነው። ብዙዎቻችን «አንድ ቀን እወስዳታለሁ» እያልን ዓመት እንቆጥራለን። አንቺ ተነስተሽ ወሰድሻቸው።

ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ቶሎ ብለሽ ያለፍሽው አንድ ነገር አለ። ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ እናትሽ ራሳቸው የጠየቁት አንድ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ መጨረሻ ላይ አስቀመጥሽው።

እኔ እንደገባኝ ያ ደብተር የአባትሽ ነው። አባትሽ ያሰቡትንና ያልደረሱበትን አንቺ በእናትሽ እግር እየጨረስሽላቸው ነው። ይህ የልጅ ፍቅር ነው፣ አልነቅፈውም። እናትሽ ግን በየደረሱበት ቦታ አጠገባቸው ይቆም የነበረው ሰው አለመኖሩን ያያሉ። ፊኛው ላይም ባሕሩ ላይም «እሱ ቢኖር» ይላሉ። ለአንቺ አንድ መስመር ሲሰረዝ ለእሳቸው ሐዘኑ እንደገና ይነሳል ብዬ አስባለሁ። ልሳሳት እችላለሁ። መልሱ ያለው እሳቸው ጋ ነው፤ ጠይቂያቸው።

አጠያየቁ ላይ ግን ልለምንሽ። «ከመሞትሽ በፊት ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?» ብለሽ አትጀምሪ። ባሏን የቀበረች ሴት እንዲህ ስትጠየቅ የምትሰማው ሞት የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ይልቅ «ልጅ ሆነሽ ምን ያምርሽ ነበር? ለእኛ ብለሽ የተውሽው ነገር አለ?» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ዝምታው ቢረዝምም አንቺ አትሙዪው። እስኪርብቶውን ለእሳቸው ስጪ፤ ካልፈለጉ አይጻፉ። ያንቺንም ፍርሃት አትደብቂ። «አንቺም እንደ አባዬ ድንገት እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ነው ያጣደፍኩሽ» በያቸው። ይህን ከአንቺ አፍ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ተራራውን ተዪው። ጉልበት ይበልጥ የሚጎዳው ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው፤ በየእርምጃው ክብደቱ ያርፍበታል። ከ2,500 ሜትር በላይ ደግሞ የከፍታ ሕመም ጤነኛ ወጣትንም ሊይዝ ይችላል። ፊኛው ላይ የሆነውም የሚጠበቅ ነበር። የፊኛው ቅርጫት አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫ የለውም፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ነው የሚበሩት። ሲያርፍም ጉልበት አጥፎ መዘጋጀት ያስፈልጋል። እግራቸው ቢያብጥ አይገርምም። ደከመኝ ሲሉ ምናልባት በእርግጥም ደክሟቸው ነው።

አሁን ወደ ብስክሌቱ እንምጣ፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

ፍርሃትሽ ከንቱ አይደለም። ሴቶች የወር አበባ ካቆመ በኋላ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንታቸው ቶሎ ይሳሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። ዴክሳ የሚባል የአጥንት ጥንካሬ መለኪያ አለ። ጋደም ብለው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጅባቸው፤ አያምም። ጉልበታቸውንም በዚያው ያሳዩ። በዝግታ ብስክሌት መንዳት ለታመመ ጉልበት ብዙ ጊዜ ከመራመድ ይቀላል፤ ክብደቱን መቀመጫው ስለሚሸከመው። ሐኪሙ «ሚዛናቸው አያስተማምንም» ካለ ለአዋቂ የሚሠራ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት አለ። ብስክሌት አይደለም የሚል ሰው ካለ አትስሚው።

ሐኪሙ ከፈቀደ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ዝቅ ያለና እግር አንስቶ ለመሳፈር የማያስቸግር ብስክሌት ተዋሺ። መቀመጫውን እስከ ታች አውርጂው፤ እናትሽ ተቀምጠው ሁለቱም እግሮቻቸው ሙሉ በሙሉ መሬት ይንኩ። ከዚያ ፔዳሎቹን ፍቺ። የግራው እንደ ሌላ ብሎን አይፈታም፤ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው የሚላላው። ይህን ሳላውቅ እጄ እስኪላጥ ታግዬበታለሁ። ሄልሜቱ ከቅንድባቸው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ይበል፤ ወደ ኋላ ከሸሸ ግንባርን አያድንም።

መኪና የማይገባበት ሜዳማ ቦታ ፈልጉ። በእግራቸው መሬቱን ወደኋላ ገፋ ገፋ እያደረጉ ወደፊት ይሂዱ፣ ልክ ተቀምጦ እንደ መራመድ። ዓይናቸው ጎማው ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ፊት ለፊት ይሁን። አንቺ አጠገባቸው ሂጂ፤ መሪውን ግን አትያዢባቸው። መሪው በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ሚዛን የሚጠብቀው ያ ሰው ነው፤ እሳቸው አይማሩትም። ሁለቱን እግሮች አንስተው ትንሽ መንሸራተት ሲችሉ ፔዳሎቹን መልሺ። ሁለት ቀን ይፈጅ ሁለት ወር አትቁጠሪ። ጨርሶ ባይሳካስ? ባይሳካም እኮ በየሳምንቱ አብራችሁ ሜዳ ወጥታችኋል።

እኔ ከአባቴ ጋር ያሳለፍኩት የመጨረሻው ጥሩ ቀን አንድ የተበላሸ ሬዲዮ ስንፈታታ የዋልንበት ነው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጠን ብሎን በብሎን አወጣነው። መልሰን ስንገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈን፤ ሬዲዮውም አልሠራም። አባቴ ያን ቀን በሕይወቱ ነግሮኝ የማያውቀውን የወጣትነቱን ታሪክ ነገረኝ። ብሎኖቹ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከእንግዲህ ካጠራቀምሽው አታውጪ። እናትሽ «አንቺም ደክሞሻል» ያሉት አይተውሽ ነው፤ ልጃቸው በእሳቸው ምክንያት ባዶ እጇን ስትቀር ደስ የሚለው ወላጅ የለም። ወንድምሽም «ተያት» ማለቱን ትቶ በሳምንት አንድ ቀን ይደውል፤ ስለ ብስክሌቱ እሳቸው ራሳቸው ይንገሩት።

ደብተሩን አትጣዪው። የአባትሽን አሥራ አንድ መስመሮች እንዳሉ ተዪያቸው። ለእናትሽ አዲስ ገጽ ክፈቺ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ብስክሌት ይጻፍ። ከእሱ በታች ምንም ባይኖር ችግር የለውም።

ሐኪሙ የሚለውን ሰምተሽ ጻፊልኝ። ዓመት ፈቃድሽ ሲታደስና እናትሽ ራሳቸው ካነሱት ደግሞ ወደዚያው ባሕር ተመለሱ። ጀልባ አትያዢ። ጫማቸውን ተቀበያቸውና «በቃኝ» እስኪሉ ድረስ አጠገባቸው ቁሚ።