ከለገጣፎ ጀበናና ሲኒ ለሚሸጥ፦ የማድረሻ ሒሳብ አወጣጥ

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፦ ከለገጣፎ የሸክላ ጀበናና ሲኒ በቴሌግራም ስትሸጪ ለማድረሻ ስንት ብትቀበዪ እንደሚያዋጣሽ፣ እና «ዴሊቨሪ ነፃ» ብሎ መለጠፍ ይሻል እንደሆነ። «ለሁሉም 200 ብር በዪና ተገላገዪ» ብለው የመከሩሽ አሉ። እኔ አልስማማም። አንድ ቁርጥ ዋጋ ቅርብሽ አያት ሰፈር ላለችው ደንበኛሽ ይበዛባታል፣ ጀሞ ላለችው ደግሞ አንቺ ከኪስሽ ትሞያለሽ።

መጀመሪያ ዕቃውን አሽጊውና ከዚያ መዝኚው። ካርቶኑ፣ ወረቀቱና ፕላስተሩ ሁሉ ገብቶ ለመላክ እንደተዘጋጀ ማለት ነው። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውንም በሴንቲሜትር ለክተሽ ጻፊ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንዴ ከመዘገብሽው በየቀኑ መገመት ይቀርልሻል።

ከዚያ በአንድ ጥቅል ላይ አራት ወጪ ደምሪ፦ ማሸጊያ፣ ዕቃው ከቤትሽ ወጥቶ ሞተረኛው ወይም አውቶቡሱ ጋ እስኪደርስ ያለው፣ የአድራሹ ክፍያ፣ እና የሚሰበረው ድርሻ። ከተማ ዳር ያለን ሻጭ ትርፍ የሚበላው ሁለተኛው ነው። ሞተረኛ ከመገናኛ ለገጣፎ ድረስ ባዶውን መጥቶ ሲረከብሽ የመጣበትንም ያስከፍልሻል። ስለዚህ ትዕዛዝ ሰብስቢና በሳምንት ሁለት ቀን በታክሲ መገናኛ አውርደሽ ከዚያ አከፋፍዪ። ለታክሲና ለጭነት 120 ብር ብታወጪ፣ ስድስት ጥቅል ካለሽ ለአንዱ 20 ብር ይደርሰዋል፤ አንድ ብቻ ይዘሽ ከወጣሽ ግን 120ውን ብቻውን ይሸከማል።

የሚሰበረውን ብዙ ሰው ሲያሰላ ይሳሳታል። ከ20 ጥቅል አንዱ ይሰበራል እንበል። ዕቃው 600 ብር ቢያስወጣሽ፣ ለማሸጊያ 35፣ ለመገናኛ 20፣ ለሞተረኛ 150 ብታክዪበት፣ አንዱ ሲሰበር 805 ብር ሄደ ማለት ነው። ይህን ለ20 ሳይሆን በደህና ለደረሱት 19 አካፍዪው፤ የተሰበረው ገንዘብ አላስገባልሽም። 42 ብር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ማድረሻሽ 35 + 20 + 150 + 42፣ በድምሩ 247፣ ማለትም 250 ብር ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ የራስሽን አስገቢባቸው።

ጀበና የሚሰበረው አንገቱና እጀታው ላይ ነው። አንገቱን ከሆዱ እኩል እስኪሆን ድረስ ለብቻው ጠቅልዪው፣ በየአቅጣጫው ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ሙሊት ይኑረው። ጋዜጣ መንገድ ላይ ስለሚረግብ ጠቅጠቅ አድርጊው። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ጠቅልለሽ በጠርዛቸው አቁሚያቸው እንጂ አትደራርቢ። ካሸግሽ በኋላ ነቅንቂው፤ ድምፅ ከሰማሽ ፍቺና እንደገና ሙዪው።

ለክፍለ ሀገር በአውቶቡስ ከሆነ መናኸሪያውን ከዋጋው ጋር አስቢው። ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚሄደው ላምበረት ስለሆነ ላንቺ ቅርብ ነው። ለአዳማና ለሐዋሳ ግን ቃሊቲ፣ ለጅማ አየር ጤና ድረስ ከተማውን ታቋርጫለሽ፤ እዚያ ለማድረስ የምታወጪው ለአውቶቡሱ ከምትከፍዪው ሊበልጥ ይችላል። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የረዳቱን ስልክና የተነሣበትን ሰዓት ለደንበኛሽ ላኪላት። ጥቅሉ ላይ በጉልህ «ተከፍሏል» ብለሽ ጻፊ፣ አለዚያ ሲደርስ ተቀባይዋን ዳግም የሚያስከፍል አይጠፋም።

ውጭ አገር ለመላክ ካሰብሽ ሒሳቡ ይለወጣል። ትልልቆቹ ኩሪየሮች (ዓለም አቀፍ ዕቃ አድራሾች) በሚዛን የወጣውን ክብደት ከካርቶኑ መጠን ከሚሰላው ክብደት ጋር አወዳድረው በበለጠው ያስከፍላሉ፤ ሁለተኛውን በኪሎ ለማግኘት የሦስቱን ጎን ብዜት በሴንቲሜትር አውጥቶ ለ5000 ማካፈል ነው። 40 × 30 × 30 ካርቶን 7.2 ኪሎ ይባላል፣ ውስጡ ያለው 2.3 ኪሎ ቢሆንም። ጀበናው 25 ሴንቲሜትር ቁመትና 16 ወርድ ካለው 35 × 26 × 26 ይበቃዋል፤ 4.7 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ካርቶን በማሳነስ ብቻ የሚተርፍልሽን ተመልከቺ። በፖስታ ግን ትንሽ ጥቅል እስከ 2 ኪሎ ነው፣ የሦስቱ ጎን ድምርም ከ90 ሴንቲሜትር እንዳያልፍ። ይኸው ትንሹ ካርቶን 87 ስለሆነ በልኩ ይቀበሉሻል፣ ክብደቱ ግን ከ2 ኪሎ ይበልጣል። ሲኒውን ለይተሽ ላኪው። የጉምሩክ ቀረጥ የገዢ መሆኑንም አስቀድመሽ ንገሪ፤ አሜሪካ የ800 ዶላሩን ነፃ ጣሪያ ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ አንሥታለች፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2021 አጋማሽ ወዲህ ትንሿንም ዕቃ የተጨማሪ እሴት ታክስ ያስከፍላል።

«ነፃ» የሚለውን ተዪው። ማድረሻውን ዋጋው ውስጥ ከቀበርሽው ሁለት ጀበና የምትገዛ ሴት ሁለቴ ትከፍላለች፣ ሞተረኛው ግን አንዴ ነው የሚሄደው። ሲደርስ ልክፈል ለምትል ደንበኛም የማድረሻውን ብቻ አስቀድማ በቴሌብር ትላክ፤ ሞተረኛው በር ላይ ደርሶ ስልክ ባይነሣ ዕቃሽ ይመለሳል እንጂ ገንዘብሽ አይሄድም። ፖስትሽ ሥር እንዲህ ብለሽ ለጥፊ፦

«ጀበና ከ6 ሲኒ ጋር 900 ብር። ማድረሻ፦ አያት፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት 180፤ መገናኛ፣ ቦሌ፣ ፒያሳ 250፤ ጀሞ፣ ለቡ፣ ቃሊቲ 330። ሁለትና ከዚያ በላይ ለሚገዛ ማድረሻ አንዴ ብቻ። የሚላከው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ማድረሻ በቅድሚያ በቴሌብር።»